ከታመመው ቀፎ የወጣ ማር

ንብ አንቢዋ ስንጥሩን በሰም በተደፈነው የእጭ ቤት ውስጥ ሰክታ ቀስ ብላ ስታወጣው፣ ቡናማ ነገር አልበጠስ ብሎ እንደ ሙጫ ተሳበ።

«ኧረ ና እየው!» ብላ ባሏን ጠራችው።

ልብስ ሰፊው ባሏ በመስኮት አንገቱን ብቅ አደረገ። «ደግሞ ምን ቆፍረሽ አወጣሽ?»

«የሞተ እጭ። ክር ሆኗል!»

«ክር ከሆነ አምጪው፣ እሰፋበታለሁ።»

እሷ እቴ፣ መች ሰማችው! ይህ ቀፎ ለምን እንደተመናመነ ሲከነክናት ነው የከረመው። አንዴ የጎረቤቱን ፀረ ተባይ፣ አንዴ ብርዱን ስትጠረጥር ቆይታ፣ ነገሩ በሥልጠና ላይ የነገሯት ክፉ የእጭ በሽታ ሆኖ አረፈው። ቀፎው ከነሰሙ ከመቃጠል በቀር መላ የለውም።

ወዲያው ሌላ ነገር ትዝ ሲላት ክው አለች። ከዚሁ ቀፎ ማር አውጥታ አጠገቡ ላለው ብርቱ ቀፎ ሰጥታ ነበር፤ የደከሙት አይጨርሱትም፣ ለምን ይባክናል ብላ። ብርቱውን ደግሞ ዛሬ የሠፈሩ ፀጉር አስተካካይ ገዝቶ ከራሱ ቀፎዎች ጎን ሊያስቀምጠው ነው።

ሮጣ ከፈተችው። ሌላ ስንጥር ሰካች፤ ንጹሕ ወጣ። ደገመችው፤ አሁንም ንጹሕ።

«ጤነኛ ነዋ!» አለ ባሏ አጠገቧ መጥቶ። «ስጪውና እኔም በብሩ ስፌት መኪናዬን ላሠራ።»

«ማሩን በልተውታል እኮ። በሽታው ገና ሳይታይ ይዟቸው ከሆነስ?»

«እሱ በምን ያውቃል?»

«የሱም ቀፎዎች ሲያልቁ ያውቃል። ያኔ ምላጩን ማጅራትህ ላይ አድርጎ ሲጠይቅህ ምን ልትለው ነው?»

ባሏ ሳይታወቀው ማጅራቱን ዳበሰ።

ፀጉር አስተካካዩ ገመድና ብርድ ልብስ ይዞ ከች አለ። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ቀፎውን አቅፎ ጆሮውን ለጠፈበት።

«አቤት ድምፃቸው! እህት ዓለም፣ እንዴት አስችሎሽ ሰጠሽኝ?»

ንብ አንቢዋ ቀፎው ላይ እጇን ጫነች። ዝም ብትል እኮ ነገሩ በዚሁ ያልቃል።

«አልሰጥህም» አለችው። «የታመመ ቀፎ ማር አብልቼዋለሁ። ጤንነቱ እስኪለይ እኔው ጋ ይቆያል፤ ከታመመም አቃጥለዋለሁ። በል እጅህን አንሣ፤ በዚህ እጅህ የራስህን ቀፎ እንዳትነካ።»

ሰውዬው ግራ ተጋብቶ እጆቹን እያገላበጠ አያቸው። ባሏ ገብቶ ውሃና ሳሙና ይዞ ወጣ።