በአባቷ አውቶቡስ

የሾፌሩ ሚስት በነገር ዙሪያ ጥምጥም የምትሄድ ሴት አይደለችም። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ የምትገባበት ቀን እንደታወቀ፣ ባሏ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ጀመረችው።

«ያን ቀን እረፍት ውሰድ። እንደ ሰው ትኬት ቁረጥና አጠገቧ ተቀመጥ።»

«ማን ሊነዳት?»

«ሌላ ሾፌር ጠፋ?»

«አንድ ልጄን ለማንም አላምንም» አለ። «እኔው ራሴ አደርሳታለሁ።»

ይሄ እንግዲህ ሾፌር ብቻ የሚሳሳተው ስህተት ነው። ሌላ አባት ቢሆን ልጅ መሸኘት ማለት ጎን ለጎን ተቀምጦ እጇን መያዝ ይመስለው ነበር። እሱ ግን ፍቅሩ ሁሉ መሪው ላይ ነው፤ ልጁን ከሚያቅፋት ይልቅ የመንገዱን ጉድጓድ ቢሸሽላት ይቀለዋል። ሚስቱ ብትለው ብትሠራው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እሷም በመጨረሻ «አባት ነህ ወይስ ሾፌር፣ ለይልን» ብላው ወደ ጓዳ ገባች።

ልጅቷ አንድ ለእናቷ ናት። አንድ ለአባቷ እንዳይባል አባቷ አልነበረም። ጥርስ ስታበቅል መንገድ ላይ ነበር። ትርፍ አንጀቷን ስትታከም መንገድ ላይ ነበር። ትምህርት ቤት ተሸልማ ወላጅ ሁሉ ሲያጨበጭብ፣ እሱ የሰው ወላጅ ጭኖ ዳገት ይወጣ ነበር። ሲመለስ «ሥራ ነው የኔ እናት» ይላታል፤ እሷም «እሺ አባዬ» ትለዋለች። አንድ ቀን እንኳ ተቆጥታው ቢሆን ይሻለው ነበር።

ስለዚህ ይቺን የመጨረሻዋን በወጉ ሊያደርጋት ቆርጧል። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ሲደርሱ ሞተር ያጠፋል፣ ይወርዳል፣ ሻንጣዋን በገዛ እጁ ያወርዳል፣ አቅፎም «ስታድጊ አላየሁሽም፤ ይቅር በይኝ» ይላታል። ይህቺኑ ሳምንቱን ሙሉ እየነዳ ብቻውን ሲለማመዳት ከረመ። ከመቀመጫው ኋላ ያሉ ተሳፋሪዎች ሾፌሩ ከራሱ ጋር ያወራል ብለው ሳይፈሩት አልቀሩም።

የጉዞው ቀን እናትየው አውቶቡስ ተራው ላይ ልጇን አገላብጣ ስማ፣ አልቅሳ፣ ባሏን በዓይኗ ገርምማው ቀረች። ልጅቷ መሀል ላይ፣ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። አባቷ ከፊቱ በተሰቀለው መስታወት ያያታል። መጀመሪያ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ፈገግ አለችለት። ቆይታ ጆሮዋ ላይ ሙዚቃዋን ሰካች። ከዚያ ጉንጯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። አንገቷ እንዳይወዛወዝ ብሎ ጉብታውን ሁሉ በቀስታ ማለፍ ጀመረ።

«ሾፌር፣ እንቁላል ነው እንዴ የጫንከው?» አለ ከኋላ አንድ ነጋዴ። ሰው ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ፣ ፍጥነቱን ግን አልጨመረም። ያን ሁሉ መንገድ ከልጁ ጋር አንዲት ቃል አልተነጋገረም። ሚስቱ ምን ማለቷ እንደነበር ያኔ ነው የገባው፤ ግን ወዴት ይሂድ፣ መሪው በእጁ ነው።

ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ሲደርሱ ጉድ ፈልቶ ጠበቃቸው። አገር ምድሩ ልጁን ይዞ መጥቷል። መኪናው ተደራርቧል፣ ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን እየነፋ «ቶሎ አውርድና ልቀቅ» ይላል፣ ከኋላ የቆመ የጭነት መኪና ጥሩምባውን አይለቅም። እዚህ ላይ ሞተር አጥፍቶ መውረድ የማይታሰብ ነው። ወረፋው ትንሽ ሲከፈት ጥግ ይዤ እወርዳለሁ ብሎ በቀኝ መስታወት ሻንጣ በሚወርድበት በኩል እያየ ጠበቀ። ልጁን ከሰዉ መሀል ለያት። ከዚያ ጠፋችበት።

ረዳቱ በዕድሜ የሚበልጠው፣ «ነጎድጓድ» የሚሉት ሰው ነው። ስሙን ያገኘው ከመዳፉ ነው፤ የሚወርደው ወርዶ ሲያልቅ የአውቶቡሱን ጎን ድው ድው ያደርገዋል፣ ሾፌሩም ይሄዳል። አይጠይቅም፣ ዞሮ አያይም። እግሩ ለዓመታት የሚያውቀው ይሄንን ነው።

ድው ድው ተደረገ። ሄደ።

ነጎድጓድ እየሮጠ ደርሶ በሩ ላይ ተንጠለጠለና «ማን ሂድ አለህ? እኔ አልመታሁም» አለ።

ያን ጊዜ በግራ መስታወት አየ። ልጁ ዞራ በእሱ በኩል መጥታ ነበር። መስኮቱን እንዲከፍትላት ነው የመታችው። አስፋልቱ መሀል መዳፏን እንዳነሳች ቆማለች፤ ፊቷ ከርቀት አይለይም። የጭነት መኪናው መሀላቸው ገባ። መንገዱ ቁልቁል ወደ ድልድዩ ይወርዳል፣ መቆሚያም መዞሪያም የለውም።

በሚቀጥለው ከተማ ተሳፋሪው ምሳ ሊበላ ወረደ። እሱ ከመቀመጫው አልተነሳም። ስልኩን አውጥቶ የልጁን ስም እያየ ምን ብሎ እንደሚጀምር ጠፋው። «ሥራ ነው» ሊላት ነው? እንዲህ እንዳለ ሚስቱ ደወለች። ሊመጣበት ያለውን ያውቃልና ዓይኑን ጨፍኖ አነሳው።

«አሁን ደውላ ሁሉንም ነገረችኝ» አለች ሚስቱ። እንዲህ ለስላሳ ድምፅ ከሰማ ብዙ ዘመኑ ነው። «አባዬ ሞተር አጥፍቶ ወረደ፣ ሰው ፊት አቅፎኝ ቆየ አለችኝ። እኔ ደግሞ ወርውሯት ይሄዳል ብዬ ሆዴ ሲፈራ ነው የዋለው። ክፉ አሰብኩብህ፤ ይቅር በለኝ።»

ልጅቷ ሸፍናለታለች። እናቷ እንዳትቀየመው ብላ፣ በማታውቀው አገር በር ላይ ብቻዋን ቆማ፣ ያላገኘችውን እቅፍ አገኘሁ ብላ ዋሽታለታለች።

«ሰውዬ፣ ትሰማለህ?»

«እሰማለሁ።»

«አለቀሰ ብላኛለች። አንተ? እውነት አልቅሰህ ነው?»

ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ነበር። እንባው በአገጩ እየወረደ ሱሪውን አርሶታል፣ ነጎድጓድም ማንም እንዳይገባ በሩን ዘግቶ ውጭ ቆሞለታል።

«አዎ» አለ። «አልቅሼ ነው።»