ተስሪሕ የሌለው በሽተኛ

ራህማ መካ ውስጥ፣ ዓዚዚያ ሰፈር ባለ አንድ የግል ክሊኒክ አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። ደሴ በነርስነት ዲፕሎማ ተመርቃ፣ ፈተናውን አልፋ፣ የሥራ ፈቃዷን ይዛ የገባች ናት። ደም ሥሩ የጠፋ ሽማግሌ ወይም ክንዷ ያበጠ ነፍሰ ጡር ስትመጣ ሐኪሞቹ ሳይቀሩ «ሲስተር ራህማን ጥሩልን» ይላሉ። እሷም ዓይኗን ጨፍና፣ በጣቷ ጫፍ ዳብሳ፣ አንድ ጊዜ ወግታ ታገኘዋለች።

አንድ ቀን ሙዲር የሚሉት የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ ከእንግዲህ የነርሶች ኃላፊ የሚሆነው ዲግሪ ያለው ብቻ ነው አለ። ራህማ ስድስት ዓመት ኃላፊ ነበረች። ሙዲሩ ክፉ ሰው ስላልነበረ ከሥራው አላነሳትም፤ ሥራውን እሷ እንድትሠራ፣ ቦታው ግን ባዶ እንዲሆን ወሰነ። በሯ ላይ «የነርሶች ኃላፊ» ከሚለው ጽሑፍ ሥር «ለጊዜው የለም» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ባለጉዳይ ይመጣል፣ ወረቀቱን ያነባል፣ ራህማ ውስጥ ተቀምጣ እያያት ይመለሳል። አንዳንዱማ «ኃላፊዋ መቼ ነው የምትመጣው?» ብሎ ራሷን ይጠይቃታል።

ባሏ ሙክታር የዚያው ክሊኒክ ሾፌር ነው፤ የወሎ ሰው፣ ወሬው የማያልቅበት። ይህን ጉድ አንድ ወር ታግሦ አየና፣ «ራህማዬ፣ ወላሂ ተማሪ። አለሁ ብትዪም ወረቀቱ የለችም ካለ፣ ወረቀት በወረቀት ነው የሚመለሰው» አላት። እውነት ስለነበር ጅዳ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ፣ ሥራ ላይ ላሉ ነርሶች በተከፈተው የዲግሪ ትምህርት ተመዘገበች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጅዳ ትወርዳለች፤ ሌላውን ቀን ከሥራ መልስ በኢንተርኔት ትማራለች።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት እጅ መታጠብ ነበር። መምህሩ ገባ፤ ራህማን አየና በሩ ላይ ቆመ። ዶክተር አብዱልከሪም ይባላል፤ ጅዳ ተወልዶ ያደገ ወጣት ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ለልምምድ ዓዚዚያ መጥቶ፣ ደም ባየ በመጀመሪያው ቀን እግሯ ሥር ተዘርሮ ወድቆ ነበር። እግሩን ከፍ አድርጋ፣ ጭማቂ አጠጥታ ያስነሳችው፣ በኋላም እጁን በእጇ ይዛ ደም ሥር መፈለግ ያስተማረችው ራህማ ናት። ከዚያ ውጭ አገር ሄዶ ዶክተር ሆኖ ተመለሰ፤ ዶክተርነቱ ግን የሕክምና ሳይሆን የነርሲንግ ጥናት ነው፤ ነርሶች ለምን እንደሚደክማቸው ሦስት መቶ ገጽ ጽፏል። ሁለቱም የማይተዋወቁ መሰሉ። እሱ «ተማሪ ቁጥር አሥራ ሰባት» ይላታል፤ እሷ «ኡስታዝ» ትለዋለች። ለሌሎቹ ለጋስ የሆነው ሰውዬ ለእሷ ሲሆን ግማሽ ነጥብ እንኳ አያዳላም። የአሥራ አራት ዓመት ልምዷን ጽፋ ስታስገባ ከግርጌው «ጥሩ ነው፤ ግን ይህን ከየት አመጣሽው? ምንጭ ጥቀሺ» ብሎ መለሰላት። ምንጩ ራሷ እንደሆነች ለማስረዳት ሁለት ደብዳቤ ጻፈች፤ አልሆነም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት አለፈና የመጨረሻው የተግባር ፈተና ደረሰ። ልቡ የቆመ ሰው ደረት ተጭኖ የማስነሳት ፈተና ነው። የኮሌጁ ደንብ ፈተናው ተማሪው በሚሠራበት ቦታ እንዲሰጥ ያዛል። ይኸው ደንብ ደግሞ ፈተናውን ያላለፈ ተማሪ በሕይወት ያለ ሰው እንዳይነካ ይከለክላል። ራህማ በቀን ስልሳ ሰው እንደምትነካ ስትናገር፣ ያ ሥራ ነው፣ ይኼ ትምህርት ነው ተባለች። ሁለቱን ሕጎች ለማስታረቅ አንድ መንገድ ብቻ ተገኘ፤ ኮሌጁ የሚያስተምርበት የፕላስቲክ ሰው ከጅዳ መካ ይሂድ።

ጊዜው የሐጅ ሰሞን ሆነና ነገሩ ከበደ። በዚያ ወራት ኢቃማ የሚሉት የመካ መኖሪያ ወረቀት ወይም ተስሪሕ የሚሉት የመግቢያ ፈቃድ የሌለው ሰው ተፍቲሹን፣ ማለትም የመንገድ ላይ ፍተሻውን፣ አያልፍም። ዶክተር አብዱልከሪም ፈቃድ ስለሌለው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በስልክ ቪዲዮ ሊፈትናት ተስማሙ። በፈተናው ዕለት እሷና ሙክታር በማለዳ ጅዳ ወርደው አሻንጉሊቱን ተረከቡ። የኮሌጁ ዕቃ ቤት ጠባቂ የዕቃ ማውጫ ቅጽ አልቆበት ስለነበር የበሽተኛ ማዛወሪያ ቅጽ ሞልቶ ማኅተም መታበት። ስም፦ ፊልጶስ፤ ከዓመታት በፊት እዚያ የተማረ አንድ ሐበሻ በቀልድ ያወጣለት ነው። ዕድሜ፦ አርባ አምስት። ሕመም፦ የልብ መቆም።

የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ለክሊኒኩ በተገዛ ግሉኮስ ታጭቆ ስለነበር ፊልጶስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሙክታር ግን ራቁቱን የሆነ ወንድ ይዞ ከሚስቱ ጋር መንገድ መሄድ አልዋጥ አለውና የራሱን ቅያሪ ጀለቢያ አለበሰው። መኪናው ደግሞ ቀበቶ ካልታሰረ እየጮኸ ስላስቸገረ ቀበቶ አሠረለት። ራህማ ዞር ብላ ስታየው የሌሊት ተራ ወጥቶ እንቅልፍ የጣለው ሰው ይመስላል።

ተፍቲሹ ላይ ያገኙት ወታደር ለጋ ወጣት፣ ትሑትም ነበር። የሁለቱን ኢቃማ አየ፣ መለሰ፣ ከኋላ የተቀመጠው ሰውዬም የራሱን እንዲሰጠው ጠየቀ። ሙክታር ሰው አለመሆኑን ነገረው። ወታደሩ በሩን ከፍቶ ግንባሩን በጣቱ ኳ ኳ አደረገ፤ ባዶ ቅል ነው የጮኸው። ፈገግ አለ። እዚያ ላይ ነገሩ ኸላስ ባለቀ ነበር፤ ሙክታር ግን ወረቀትም አለን ብሎ ያንን ቅጽ አወጣ።

ወታደሩ ሁለት ጊዜ አነበበው። ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ።

«ወንድሜ፣ ፕላስቲክ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። «ወረቀቱ ግን በሽተኛ ነው ይላል፤ ማኅተምም አለው። የእኔ ዓይን ማኅተም የለውም።»

ከዚያ በትዕግሥት አስረዳቸው። ዕቃ ብሎ ቢያሳልፈው ማኅተም ያለበትን ወረቀት ሐሰት ማድረጉ ነው። ሰው ብሎ ቢመዘግበው ተስሪሕ የለውም፤ ስሙም ፊልጶስ፣ የክርስቲያን ስም፣ ስለሆነ መካ የሚገባበት መንገድ የለም። ልቡ የቆመ በሽተኛ ነው ካለ ግን ሕጉ ግልጽ ነው፤ አምቡላንስ ይጠራል። አለቃው ጋ ደወለ፤ አለቃውም አምቡላንስ ጥራ አለ። ወታደሩም አምቡላንሱ እስኪመጣ ድረስ ጥላ ሥር አስቀምጦ ቀዝቃዛ ውኃ ሰጣቸው፤ ለፊልጶስም አንድ ጠርሙስ አጠገቡ አስቀመጠለት።

አምቡላንሱ ስምንት ደቂቃ አልፈጀም። የመጣው ባለሙያ ወፍራም፣ ላብ በላብ የሆነ ሰውዬ ነበር። ፊልጶስን አስፋልቱ ዳር አስተኝቶ አንገቱን ዳሰሰና የደም ምት የለውም አለ። ማንም አልተከራከረውም፤ እውነቱን ነው። የእሱም ደንብ የደም ምት የሌለው በሽተኛ ከተገኘ ደረቱን መጫን እንዲጀምር፣ ዶክተር አቁም እስኪለው ድረስም እንዳያቆም ነው። ጀመረ።

ራህማ ዳር ቆማ እጇን አጣጥፋ ታያለች። ሰዓቷን አየች፤ ለአራት ሩብ ጉዳይ። ሁለት ዓመት የለፋችበት ፈተና መንገድ ላይ ቀልጦ መቅረቱ ነው ብላ አሰበች፤ ነገሩ ውስጥ ላለመግባት ምላ ነበር። ፊልጶስ ግን ደረቱ በትክክል ሲጫን «ቀጭ» የሚል መሣሪያ አለው፤ አሁን ቀጭ አላለም። ሰውዬው ክንዱን አጥፏል፣ መዳፉም ወደ ሆድ ወርዷል። አንድ ደቂቃ ቻለች። ሁለተኛውን አልቻለችም።

«ወንድሜ፣ እንደሱ ከሆነ ይሞትብሃል፤ ገለል በልልኝ» አለችው።

ካርቶን አንጥፋ ተንበረከከች፣ እጇን ደራርባ ክንዷን አቀናች። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ወታደሩ ሳያውቀው መቁጠር ጀመረ። ባለሙያው ጎንበስ ብሎ እጇን እያየ፣ የት እንደተማረች ጠየቃት፤ ገና እየተማረች መሆኑን ነገረችው። በዚህ መሐል ስልኳ ጠራ። አራት ሰዓት ሆኗል። ሙክታር ቪዲዮውን ከፍቶ ወደ እሷ አዞረው።

ዶክተር አብዱልከሪም ስክሪኑ ላይ ጀለቢያ የለበሰ አሻንጉሊት፣ አምቡላንስ፣ የሚቆጥር ወታደርና በፀሐይ የምትጫን ተማሪ ቁጥር አሥራ ሰባትን አየ። ከዚያ ወረቀቱን አስተካክሎ ፈተናውን ጀመረ። አካባቢው ለሕክምና አደጋ የሌለው መሆኑን አረጋግጣ እንደሆነ ጠየቃት፤ አንድ ወታደርና አንድ የፍተሻ ኬላ እንዳለ መለሰች። የበሽተኛውን ማንነት አጣርታ እንደሆነ ጠየቃት፤ ከእሷ ቀድሞ መንግሥት እንዳጣራው መለሰች። ቦታ የሚለው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

«ደንቡ የሥራ ቦታ ነው የሚለው። ይኼ የሥራ ቦታሽ አይደለም።»

«ኡስታዝ፣ እየሠራሁ አይደል?» አለች ራህማ ሳታቋርጥ።

ጻፈው።

ደንቡ በየሁለት ደቂቃው ሰው እንዲቀያየር ስለሚል ወታደሩ ኮፍያውን አውልቆ ገባ። ራህማ መዳፉን አስተካከለችለት፤ በአራተኛው ቀጭ አሰኘና ዓይኑ በራ። ቀጥሎ ባለሙያው፣ ቀጥሎ ሙክታር፣ እንደገና ራህማ። ፈተናው ካለቀ ቆይቷል፤ ግን አቁሙ የሚል ዶክተር የለምና ማንም ማቆም አይችልም። የሐጃጆች አውቶቡስ ኬላው ላይ ሲቆም ተሳፋሪዎቹ በመስኮት አዩና እጃቸውን ዘርግተው ለበሽተኛው ዱዓ አደረጉ። ሙክታር «አሚን» አለ።

«ለፕላስቲክ አሚን ትላለህ?» አለችው እየተነፈሰች።

«ዱዓው ለበሽተኛ ነው። በሽተኛ መቼም አይጠፋም።»

ይህን ሲላት እጇ ሥር ያለው ደረት ለአፍታ ሌላ ሆነባት። አምና በዚሁ ሰሞን፣ ሙቀት የጣለው አንድ የጅማ ሐጂ ክሊኒኩ በር ላይ ወድቆ አርባ ደቂቃ ተጭናዋለች። ደረቱ ቀጭ አላለም፤ አልተመለሰም። ያን ቀን እጇን ታጥባ ወደ ቀጣዩ በሽተኛ ነው የሄደችው፤ እንባ ለማፍሰስ ጊዜ አልነበራትም። አሁን ላቧ ውስጥ ሌላ ነገር ገብቶ ጉንጯ ላይ ወረደ፤ ማንም ልብ አላለም፤ ሁሉም እያላበው ነበር።

በመጨረሻ ወታደሩ ስልኩን ከሙክታር ተቀብሎ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሰው፣ «አንተ ዶክተር ነህ ወይ?» አለው።

አብዱልከሪም ዶክተርነቱ የወረቀት እንደሆነ፣ ልብ ቆመ ለማለት ሥልጣን እንደሌለው ያውቃል። ራህማ ከታች ቀና ብላ አየችው። ከአሥር ዓመት በፊት ወለል ላይ ተዘርሮ ዓይኑን ሲገልጥ ያያት ዓይን ነው።

«ዶክተር ነኝ» አለ። «አቁሙ። ሲስተር ራህማ፣ ይበቃሻል፤ ዕረፊ።»

ኮሌጅ ከገባች ወዲህ በስሟ ሲጠራት ይኼ የመጀመሪያው ነበር።

አሁን ደግሞ ባለሙያው ውጤቱን መጻፍ አለበት። ሞተ ብሎ ቢጽፍ የአስከሬን ወረቀት፣ ኤምባሲ፣ ቀብር ይመጣል። ራህማ ጉልበቷን እያራገፈች፣ ከእሷ እጅ ማንም በወረቀት ብቻ እንደማይሞትና «ነፍሱ ተመልሷል» ብሎ እንዲጽፍ ነገረችው። ጻፈ። ነፍሱ የተመለሰ በሽተኛ ደግሞ ሆስፒታል መግባት አለበትና ፊልጶስን አምቡላንስ ውስጥ አስገብተው፣ የሙክታርን ጀለቢያ እንደለበሰ፣ ወደ ጅዳ ይዘውት ሄዱ። ሁለት ቀን አልጋ ይዞ ከርሞ ጨው እንዲቀንስ ተመክሮ ወደ ኮሌጁ ተመለሰ።

ራህማ ዘጠና ስምንት አገኘች። ሁለቱ የተቀነሰባት ሥራ ከመጀመሯ በፊት ለበሽተኛው ስሟን ስላላስተዋወቀች ነው። ደውላ ልቡ ለቆመ ሰው ስሟን መንገር ምን እንደሚጠቅመው ስትጠይቅ፣ አብዱልከሪም እሱም ወድቆ በነበረ ጊዜ መጀመሪያ የሰማው ስሟን እንደሆነ፣ ስለዚህ እንደሚጠቅም ነገራት። ከዚያ በኋላ አልተከራከረችውም።

ዲግሪው በመጣ ማግስት ሙዲሩ «ለጊዜው የለም» የሚለውን ወረቀት በገዛ እጁ ላጠው። ራህማ ግን ቢሮ የምትቀመጥበት ጊዜ አልነበራትም፤ ሰልፉ ደጅ ደርሷል። ከሰልፉ አንድ የከሚሴ ሽማግሌ ክንዳቸውን ዘረጉላት። ደም ሥራቸውን እየዳበሰች ሳለ ለወሬ ያህል፣ ተምረሽ ነው ወይ ይሄን ሥራ ብለው ጠየቋት።

«አዎ፣ አባባ። ትናንት ነው ዲግሪዬን የጨረስኩት።»

ሽማግሌው ክንዳቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ልጄ፣ አላህ ያሳድግሽ፤ እኔ ግን ትናንት በጨረሰች ልጅ አልወጋም። የቆየችውን ጥሪልኝ።»

ራህማ እሺ አለች። ከመጋረጃው ጀርባ ሄዳ ግድግዳውን ተደግፋ ትንሽ ቆመች። ፊቷ በጭንብል እንደተሸፈነ በሌላኛው በኩል ዞራ መጣችና ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው።

«ሲስተር ራህማ እባላለሁ፣ አባባ። አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ።»

ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ክንዳቸውን ሰጧት።