ምስማር ላይ የተሰቀለ ለቅሶ

የባዩ መርዶ ሆላንድ፣ ሮተርዳም ዙይድ ሰፈር የደረሰው ደርግ ከገደለው ከመንፈቅ በኋላ ነው። ሽማግሌዎች እንደ ደንቡ ጎሕ ሲቀድ መጥተው ሚስቱን የትነበርሽን አረዷት። ሴቶች ተሰበሰቡ። ጓደኛዋ ውድነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሙሾውን ስታነሳ ግን የታችኛው ቤት ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበ። የትነበርሽ ደንግጣ፣ «እባካችሁ፣ ቀስ» አለች። በገዛ ባሏ ለቅሶ ላይ «ቀስ» ያለች ሴት ተብላ ቀረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለቅሶዋ ጉሮሮዋ ላይ ቆመ፤ አይወጣም፣ አይዋጥም።

ትምህርቷን ዘ ሄግ ብትጨርስም አገሯ መመለስ ስላልቻለች፣ ዋረን ከሚባል አሜሪካዊ የሙዚቃ ደራሲ ስቱዲዮ ተቀጥራ ቴፖች ትሰድር ነበር። ዋረን በወጣትነቱ አልዘምትም ብሎ ከአገሩ የወጣ ሰው ነው። ኖታ አይጽፍም። ድምፅ ይቀዳና ቴፑን በምላጭ ቆርጦ፣ ጫፍና ጫፉን አጣብቆ ቀለበት ያደርገዋል፤ ቀለበቱ ማጫወቻው ላይ ሲዞር ያው ድምፅ ሳያቋርጥ ይመላለሳል። ድሮ የአንድ አሮጌ በር ሲጥጥታ ቀድቶ በሠራው ሥራ ስሙ ተጠራ። ከዚያ ወዲህ የጋበዘው ሁሉ የሚለምነው ያንኑ በር ነው።

«ራሴ የከፈትኩት በር ተዘጋብኝ» ይላል፣ ሊስቅ እየሞከረ።

አንድ ቀን ማይክሮፎን ሲሞክር፣ «የመጣልሽን ተናገሪ» አላት። ሌላ ቃል አልመጣላትም። አየሯን ሳበችና፣ «ባዩ!» ብላ ጮኸች። ክፍሉ ድምፅ አያስወጣም፤ ጣሪያ የሚደበድብም አልነበረም። ዋረን ማሽኑን ማጥፋት ረስቶ ቆመ።

ብዙም ሳይቆይ ዘ ሄግ አዳራሽ ውስጥ አዲስ ሥራ ሊያሰማ መሆኑን፣ ድምፁም የእሷ መሆኑን ነገራት። የበሩንም ነገር ጨምራ ጭንቋን ለውድነሽ ነገረቻት፤ ወዲያውም ተጸጸተች።

«ለባልሽ ያፈንሽውን ለፈረንጅ አወጣሽው?» አለች ውድነሽ። «መጥቼ በጆሮዬ እሰማዋለሁ!»

የትነበርሽ ጩኸቷ በሰው ፊት እንዳይሰማ ዋረንን ልትከለክለው ስቱዲዮ ሄደች። ስትደርስ ቴፑ ይዞራል። ጩኸቱ የለም። ያለው ከጩኸቱ በፊት የሳበችው አየር ብቻ ነው። ይሳባል፣ ደግሞ ይሳባል፣ አይወጣም።

«ቀሪውስ?» አለችው።

«ቆረጥኩት። ሐዘኑ ያንቺ ነው፤ የኔ አይደለም።» ምስማር ላይ ከተሰቀሉት ቁርጥራጮች ክንድ የማትሞላ ቴፕ አውርዶ ሰጣት። «ይኸኛውም ይቅር ካልሽ ይቀራል። የድሮውን በር ይዤ እሄዳለሁ።»

ልትሄድ ትችል ነበር። ግን ከኋላዋ ቀለበቱ አየር ይስባል፤ እስከ በሩ እንኳ የሚያራምዳት ትንፋሽ አጣች። ቁራጩን መለሰችለት።

«መጨረሻው ላይ ቀጥለው» አለች። «አንድ ጊዜ ብቻ።»

ዘ ሄግ አዳራሽ ውስጥ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ትንፋሹ ሲመላለስ ውድነሽ መቀመጫው እሾህ ሆነባት።

«ኧረ ታፍና ልትሞት ነው! ምነው ቢለቃት?»

በመጨረሻ «ባዩ!» የሚለው ወጣ።

አልቃሽ ያለ ተቀባይ አይቀርም። ውድነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ብድግ አለች። «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች ደረቷን መታች። የትነበርሽም ተነሣች፤ አንገቷን አቅፋ፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ቀስ ያለ የለም። ሆላንዶቹ የሥራው አካል መስሏቸው በጨዋ ደንብ አጨበጨቡ።

ዋረን ዓይኑ ቀልቶ መጣ። «በሚቀጥለው አምስተርዳም ላይ አሰማዋለሁ፤ ጓደኛሽ ለዚያም ትመጣልን ይሆን?»

የትነበርሽ ተረጎመችላት። ውድነሽ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«በይው፤ ባዩ ተለቅሶለታል። ለአምስተርዳም በሩን ይውሰድላቸው።»