ሰባት ሺህ ጊዜ ያንኳኳው

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ላብራቶሪው የዕለቱን የመጀመሪያ የደም ምርመራ ውጤት ላከ። ውጤቱ ግን የትም አልደረሰም። ስክሪኑ ላይ አንዲት ቀይ መስመር ብቻ ወጣች፦ "ግንኙነቱ ተከልክሏል።"

መስመሯን ከሁሉ ቀድማ ያየችው የሆስፒታሉ የኔትወርክ ባለሙያ ናት። ቢሮዋ ምድር ቤት፣ በሰርቨር ክፍሉና እግራቸው የተሰበረ አልጋዎች በሚቀመጡበት መጋዘን መካከል ተሸጉጧል። መሥሪያ ቤቱ "ጭምቷ" ይላታል። ስሙ የወጣላት በገባች በሳምንቷ ነው፤ አልተቃወመችም፣ ለመቃወም መናገር ያስፈልጋላ። እንዲያውም ስሙ ተስማምቷት፣ ለምትሠራቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች መግቢያ ስም አድርጋው ነበር።

ሆስፒታሉ የምርመራ ውጤት በወረቀት ማመላለስ የተወው ከሁለት ወር በፊት ነው። አሁን ውጤቱ ከላብራቶሪው ሰርቨር ተነሥቶ፣ በኢንተርኔት አድርጎ፣ የመረጃ ማስቀመጫ ቦታ ወደሚያከራይ አንድ ድርጅት ማሽን ይሄዳል፤ ሐኪሞች በየፎቃቸው ሆነው ከዚያ ያነቡታል። ሐሳቡ የእሷ ነበር። ያቀረበችውም እንደ ልማዷ በጽሑፍ ነው፤ አሥራ ሁለት ገጽ። ዳይሬክተሩ አንብበው ሲጨርሱ፣ "ይሁን። ካልሆነ ግን ወደ ወረቀታችን እንመለሳለን፤ አንቺም..." ብለው የቀረውን ዋጡት። የሙከራ ጊዜዋ የሚያልቀው ነገ ነው። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስብሰባ አለ፤ የአገልግሎቱም የእሷም ነገር የሚቆረጠው እዚያ ነው።

ሰው ፊት ስትቀርብ አንደበቷ የሚተሳሰረው ጭምቷ፣ ከማሽን ጋር ግን ወግ ትችላለች። ወንበሯን ሳበችና ሥራ ጀመረች። መጀመሪያ ያየችው መልሱን ነው። የሩቅ ማሽን ሲያንኳኩበት ዝም ካለ አንድ ነገር ነው፤ ወይ ጠፍቷል፣ ወይ መንገዱ ተቆርጧል። ይሄኛው ግን ዝም አላለም፤ ወዲያው "አልቀበልም" አለ። ስለዚህ ሰው ቤት አለ ማለት ነው፤ አለ፣ ግን አልከፍትም ብሏል። የሆስፒታሉን የኢንተርኔት መውጫ አየች፤ ማንም አልነካውም። ቀጥላ በእጅ ስልኳ፣ በራሷ የሞባይል ዳታ ሞከረች። ተከፈተ! እንደገና ከሆስፒታሉ ሞከረች። ተከለከለ።

"ለዓለሙ ሁሉ ክፍት ነው፤ ለእኛ ብቻ ነው የተዘጋው" አለች ለኪቦርዱ። ኪቦርዱ ደግሞ ተቃውሞ አያውቅም።

ይባስ ብሎ ሌላ ምስክር አገኘች። የአከራዩ አገልግሎት ደኅና መሆኑን ሰው መጠየቅ ስለማትወድ፣ በየዐሥር ሰከንዱ ሄዳ የምታንኳኳና "አለህ ወይ?" ብላ የምትመለስ ትንሽ ፕሮግራም ጠረጴዛዋ ላይ ባለው ኮምፒውተር አስቀምጣለች። አረንጓዴ ካሳየች ደኅና፣ ቀይ ካሳየች ክፉ። ዛሬ ቀይ ነች። ጭምቷ የቀዩን ስክሪን ፎቶ አንሥታ አተመችው። ከዚያ ለዳይሬክተሩ፣ ግልባጩን ለላብራቶሪው፣ አንድ ማስታወሻ ጻፈች፤ "ድርጅቱ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ በሩን ዘግቶብናል" የሚል። ፊት ለፊት እንዲህ ያለ ነገር መናገር አትችልም፤ በወረቀት ላይ ግን አንበሳ ናት።

ለድርጅቱም ኢሜይል ላከች። መልሱ በሦስት ሰከንድ መጣ፦ "ጥያቄዎ ደርሶናል፤ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ እንመልሳለን።" ሁለተኛ ላከች፣ ከበፊቱ የሚለሰልስ። ሦስተኛው ላይ ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች። ከኢሜይሉ ግርጌ የስልክ ቁጥር አለ። አይታው አለፈች፤ ሌላ ሰው ማጀት እንደገባ ሰው ዓይኗን ሰበር አድርጋ።

እስከ ስድስት ሰዓት ውጤቱ የሚጓዘው በእግር ሆነ። አሳንሰሩ ለሕሙማን ብቻ ስለሆነ፣ ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር የቀራቸው ተላላኪ ወረቀቱን ታቅፈው አምስት ፎቅ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ጉልበታቸው ታሟል። የላብራቶሪዋ ኃላፊ፣ ከድምጿ የተነሣ "ሳይረን" የምትባለው፣ ምድር ቤት ድረስ ወርዳ በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

"አንቺ ልጅ! ሰውዬው ሊሞቱብኝ ነው እኮ! ውጤት ሊያደርሱ ሄደው ራሳቸው ታካሚ ሊሆኑ!"

"ጻፍኩላቸው፣ እትዬ።"

"ለማን?"

"ለድርጅቱ።"

"ጻፍኩላቸው! የፍቅር ደብዳቤ ነው? ስልክ የላቸውም?"

ጭምቷ አንገቷን አቀረቀረች። ሳይረን ወደ ላይ ስትመለስ ድምጿ ሁለተኛው ፎቅ እስኪደርስ ተሰማ።

ጭምቷ እሷን ተከትላ ስትወጣ ተላላኪው ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዱን እግራቸውን ዘርግተው፣ ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አድርገው።

"እንዴት ሆነ፣ ልጄ? ደወልሽላቸው?"

"አይነሣም፣ አባባ" አለች።

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። እሳቸው ግን አመኗት። "ውይ፣ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው!" አሉና፣ ደረጃውን ይዘው ተነሡ፤ "በይ አይዞሽ፣ እስክታገኚያቸው እኔ አመላልሳለሁ።"

የሰው ውሸት ይጎረብጣል፤ የራስ ውሸት ግን እንደ ጫማ ውስጥ ጠጠር ነው፣ ቆሞ ካላወጡት አያስኬድም። ጭምቷ ተመልሳ ወደ አልጋ መጋዘኑ ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ሦስት እግር ያለው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ወረቀት አውጥታ "ጤና ይስጥልኝ" ብላ ጻፈች፣ እንዳይጠፋባት። ደወለች። በሁለተኛው ጥሪ ተነሣ። ልቧ፣ "ምነው ባይነሣ!" አለ።

"የቴክኒክ ድጋፍ። ምን ልርዳ?" አለ አንድ የሰለቸው የወንድ ድምፅ።

"ጤና ይስጥልኝ" ብላ አነበበች። ቀጥሎ የጻፈችው የለም። "ከሆስፒታሉ ነው። ዘግታችሁብናል።"

"ቆይ ልይልዎት፣ እህቴ።" የኪቦርድ ድምፅ ተሰማ። "አዎ፣ ዘግተናል። እኛ ሳንሆን ጠባቂው ፕሮግራም ነው የዘጋው። የተሳሳተ የይለፍ ቃል እየያዘ ሦስት ጊዜ የመጣን አድራሻ ይዘጋል። ከእናንተ ዘንድ ስንት ማሽን ነው የሚመጣው?"

"አንድ። የላብራቶሪው።"

"ሁለት ነው የማየው፣ ስማቸው ይለያያል። ከግቢያችሁ የሚወጣው ሁሉ እዚህ የሚታወቀው በአንድ አድራሻ ነው፤ አንዱ ሲበላሽ ሁለቱም ይዘጋባቸዋል። የላብራቶሪያችሁ ጨዋ ነው፤ ትክክለኛ ቃል ይዞ ይመጣል። ሁለተኛው ግን..." ትንፋሹን ለቀቀ። "ሁለተኛው ከትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ የድሮ የይለፍ ቃል ይዞ በየዐሥር ሰከንዱ ያንኳኳል። እየተከለከለም ያንኳኳል። ሰባት ሺህ ምናምን ጊዜ! ጠላት አላችሁ እንዴ?"

ጭምቷ ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ምን እንዳደረገች ትዝ ብሏታል። የሁለት ወር ጊዜው ስለደረሰ የይለፍ ቃሉን ቀይራለች፤ በአከራዩም በሰርቨሩም፣ ጥንቅቅ አድርጋ። ጠረጴዛዋ ላይ ያለችውን ግን ረስታ፣ ተደስታ ወደ ቤቷ ሄደች። ሌሊት ተረኞቹ ውጤት የሚናገሩት በስልክ ስለሆነ ማንም ምንም ልብ አላለም።

"ሊገባበት የሚሞክረው ስም 'ጭምት' ይላል" አለ ሰውዬው። "ያውቁታል?"

"በ... በመልክ።"

"እንግዲያው ይንገሩልኝ፣ ይተው! መጀመሪያ እሱን ያጥፉት፣ እኔ ከዚህ እከፍታለሁ። እሱ ሳይጠፋ ከከፈትኩ ግን በግማሽ ደቂቃ ይዘጋል።"

ሮጣ ሄዳ ያቺን ትንሽ ፕሮግራም አጠፋቻት። ሙሉ ጠዋት እንደ ምስክር የቆጠረቻት፣ ፎቶዋን አትማ ከማስታወሻው ጋር ያያያዘቻት፣ ራሷ ሌባዋ ነበረች። ሰውዬው ከፈተ። ተደርድረው ሲጠብቁ የነበሩት መቶ ሰማንያ ሦስት ውጤቶች እየተንጋጉ ወጡ። ከላይ፣ ምድር ቤት ድረስ፣ የሳይረን ድምፅ ወረደ፦ "ሄደ! ሄደ! ማስታወሻዋን ፈርተው ከፈቱ እኮ!"

ያን ጊዜ ነው ጭምቷን ክፉ ሐሳብ የጎበኛት። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ዝም ማለት ደግሞ እሷ በዓለም ላይ ከምትችላቸው ነገሮች ሁሉ የምትበልጥበት ነው። ዛሬ ባትናገር የሚታዘባት የለም፤ ጭምት ናትና።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከረጅሙ ጠረጴዛ ዳር ተቀመጠች። ዳይሬክተሩ ማስታወሻዋን እያነበቡ ይስቃሉ። "ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ! ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ! እኔ ይህቺ ልጅ ትናገራለች ብዬ አልገመትኩም።"

"ዝም ያለ ውሃ ነዋ፣ ዶክተር!" አለች ሳይረን፤ "ጭጭ ብሎ ድልድይ ይወስዳል።"

"እንግዲህ እንዲህ ነው" አሉ ዳይሬክተሩ። "ለድርጅቱ ኃላፊ አሁኑኑ እጽፋለሁ። ዛሬ ተረኛ የነበረው ሠራተኛቸው እንዲቀጣ። ያ ካልሆነ ውላችንን እናፈርሳለን፣ ወደ ወረቀት እንመለሳለን። አንቺን የሚመለከተው ግን ሌላ ነው፤ ነገ ቋሚ ትሆኛለሽ።"

የፈለገችው ይኸው ነው፣ እጇ ገባላት። ግን ያ የሰለቸ ድምፅ፣ "ጠላት አላችሁ እንዴ?" ያለው፣ ሊቀጣ ነው። ካልተቀጣም የተላላኪው ጉልበት ወደ ደረጃው ሊመለስ ነው። ጭምቷ ከንፈሯን አላቀቀች።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለች።

"ምን?" አሉ ዳይሬክተሩ። "አልሰማሁሽም።"

"ጥፋቱ... የኔ ነው።"

"ኧረ ጮክ በይ፣ ልጄ፣ ጆሮዬ እንደ ድሮ አይደለም።"

ድምፅን ለማያውቅ ሰው ልኩን ማግኘት ከባድ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ያጠራቀመችው ሁሉ ባንድ ጊዜ ወጣ፦ "ጥፋቱ የኔ ነው! እኔ ነኝ ሰባት ሺህ ጊዜ ያንኳኳሁት!"

ኮሪደሩ ላይ የሚሄድ ሰው እግሩን ሲገታ ተሰማ። ሳይረን፣ በሕይወቷ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቃል አጣች። ጭምቷም አንዴ ከጀመረች አይቀር ሁሉንም ተናገረች፤ የይለፍ ቃሉን፣ ፕሮግራሟን፣ ኢሜይሎቹን፣ ለተላላኪው "አይነሣም" ማለቷን ጭምር። የመጨረሻውን ማንም አልጠየቃትም ነበር።

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። "ባትናገሪ ማን ያውቅ ነበር?"

"ማንም፣ ዶክተር።"

"የድርጅቱ ሰውዬስ?"

"እሱ ስሙን እንጂ ሰውየዋን አያውቅም።"

"ስትደውዪለት ወዲያው ነው የነገረሽ?"

"በ... በሦስት ደቂቃ።"

"እና ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ስትጽፊ ዋልሽ።"

"አዎ፣ ዶክተር።"

ሳይረን ሳቋን መያዝ አቅቷት በእጇ አፏን ያዘች። ዳይሬክተሩ ግን አልሳቁም። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

"አገልግሎቱ ይቀጥላል" አሉ በመጨረሻ። "ጥፋት የለበትም። ቋሚነትሽ ግን ይቆያል፤ ሙከራሽ ሦስት ወር ተራዝሟል። ስለተሳሳትሽ አይደለም፣ ሰው ይሳሳታል። ስልክ እስክትለማመጂ ነው።" ማስታወሻውን በጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፉት። "ይሄንን ደግሞ እዚሁ አርሚው።"

ጭምቷ ብዕር አነሣች። ከማስታወሻው ግርጌ፣ "ከላይ በተጠቀሰው ጉዳይ ላይ በወቅቱ በነበረው መረጃ መሠረት የተደረሰበት ድምዳሜ፣ ከዚህ ቀጥሎ በሚዘረዘሩት ምክንያቶች..." እያለች ጀመረች። ሰባተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ዳይሬክተሩ አንገታቸውን አስግገው አዩ።

"አሳጥሪው" አሉ።

ሰባቱንም መስመሮች ሰረዘች። ጮክ ብላ የተናገረችውን ሦስት ቃል ጻፈችና ፈረመችበት።