የተጠቀለሉት ፎቶዎች

ሹፌሩ ሚስቱን በጎማ መፍቻ ብረት ደበደባት። ሁለት የጎድን አጥንቷን ሰበረ፤ ጀርባዋን ሰንበር በሰንበር አደረገው። ሐኪም ቤት እንደተኛች፣ ልብስ ሰፊ የሆነችው ታላቅ እህቷ ፎቶ አንሺ ይዛ መጣች።

«ነገር በዓይን ይገባል» አለች። ፊቷን፣ ክንዷንና ጀርባዋን አስነሳቻት።

ፎቶዎቹን ግን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ስላከረመቻቸው፣ ችሎት ላይ አልዘረጋ አሉ። ዳኛው አንዱን ጫፍ ሲይዙት ሌላው ይጠቀለልባቸዋል።

«ክቡር ዳኛ፣ ይህ የወረቀቱ ጥላ እንጂ ሰንበር አይደለም» አለ የሹፌሩ ጠበቃ። ሹፌሩ ፈገግ አለ። ጉዳዩ ለሳምንት ተቀጠረ፤ እሱም በዋስ ወጣ።

ልብስ ሰፊዋ ፎቶዎቹን ይዛ ቤቷ ገባች። ጎረቤቷን አናጺውን ሦስት ፍሬም አዘዘችው። የፎቶዎቹን ጀርባ በእርጥብ ጨርቅ አለዘበች፤ የዱቄት ሙጫ አቅጥና ቀባች፤ ወፍራም ካርቶን ላይ አጋድማ ከመሃል ወደ ዳር በመዳፏ እየዳመጠች አየሩን አስወጣች። ከዚያም ካርቶኑን ገልብጣ በጀርባውም ተራ ወረቀት ለጠፈችበት።

«እትዬ፣ ማንም ለማያየው ጀርባ ምን አለፋሽ?» አለቻት ከሐኪም ቤት ወጥታ እሷ ዘንድ ያረፈችው ታናሺቱ።

«ካርቶንም እንደ ትዳር ነው፤ ባንድ ወገን ብቻ ከሳቡት ይጣመማል።»

ታናሺቱ ልትስቅ ስትል ጎኗን ይዛ አቃሰተች። ሦስቱንም በሁለት ጣውላ መሃል አድርገው ወለሉ ላይ አስተኟቸው፤ ከላይ በጨርቅ የተሞላ ሣጥን ጫኑበት። ሁለት ቀን ሳይነኩ መድረቅ ነበረባቸው።

አናጺው ክፉ ሰው አልነበረም፤ አፉ ግን አያርፍም። ፍሬሞቹ ለምን እንደሆኑ በየሱቁ አወራ፤ ወሬው ሹፌሩ ጆሮ ደረሰ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ በሩ በእርግጫ ተገነጠለ።

«የታሉ ፎቶዎቹ?» አለ ሹፌሩ። ሚስቱን በጸጉሯ ጎትቶ ግንባሯን ከግድግዳው ጋር አጋጨው፤ አንዴ፣ ሁለቴ። «አገር ሰብስበሽ ልታሳዪብኝ? ዛሬ እገድልሻለሁ!»

«ልቀቃት፣ አንተ ሰው ጤፉ!» ልብስ ሰፊዋ ጀርባው ላይ ተንጠለጠለች። በክርኑ አፏን ሲመታት ጥርሷ ረገፈ። ካርቶን የቆረጠችበትን ስል ቢላ ከጠረጴዛው አንስቶ ወደ ሚስቱ አንገት ሰነዘረ። ልብስ ሰፊዋ ስለቱን በባዶ እጇ ጨበጠችው። እሱ ሳበ፤ እሷ አልለቀቀችም። ደሟ በክንዷ ወርዶ ቀሚሷን አራሰው።

ይህን ጊዜ ታናሺቱ ከወደቀችበት ተነሳች። በፋሻ የታሰረ ጎኗን ረስታ፣ የጠረጴዛውን የብረት ስፌት መኪና በሁለት እጇ ገፋችው። መኪናው የባሏ እግር ላይ አረፈ። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ቢላውን ጥሎ እየጮኸ ወደቀ። ሣጥኑን ጨብጦ ሊነሳ ሲል ሣጥኑ ተገለበጠ። ልብስ ሰፊዋ የብረት ካውያውን አንስታ ትከሻውን እስኪዝል መታችው። ጩኸቱን ሰምቶ የደረሰው አናጺ ነው «እትዬ፣ በቃ! ይሞትብሻል!» ብሎ የያዛት፤ ሹፌሩንም በገመድ ያሰረው።

ፖሊሶች ሲመጡ ልብስ ሰፊዋ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ጣውላው ላይ ተቀምጣ ነበር።

«እናቴ፣ ይነሱ፤ ደም እየፈሰሰዎት ነው» አሏት።

«አልነሳም። ገና አልደረቀም።»

«ምኑ?»

«ማስረጃው!»

አናጺው አፍሮ አቀረቀረ። «እኔ ልቀመጥበት» አለ። እሷ ሐኪም ቤት ስትሄድ እሱ እስከ ማግስቱ ከጣውላው አልወረደም፤ ምግቡን እንኳ እዚያው በላ።

በቀጠሮው ቀን ዳኛው ፍሬሞቹን ጠረጴዛቸው ላይ ጎን ለጎን አጋደሙ። ያበጠው ዓይን፣ የጠቆረው ክንድ፣ ሰንበር በሰንበር የሆነው ጀርባ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ታየ። ጠበቃው ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ሹፌሩ በክራንች ቆሞ ስምንት ዓመት ተፈረደበት።

የልብስ ሰፊዋ ሁለት ጣቶች ከዚያ ወዲህ አይታጠፉም። አሁን እሷ ትለካለች፤ ታናሺቱ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች። ሥራው ሞልቷል፤ ሳቅም አለ። አንድ ደንበኛ ድንገት ድምፁን ከፍ ካደረገ ግን፣ ሁለቱም ሳይነጋገሩ አንድ ላይ ብድግ ይላሉ።