የትልቅ ሰው ስህተት

ልጅቷ አጭበርባሪ አይደለችም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ጨዋ ናት፣ ጥፋቷም እሱው ነው።

የውሃ ምርመራ ልትማር ባሕር ተሻግራ ከመጣች ሰባት ወሯ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት በቤተ ሙከራው መዝገብ ላይ አዛውንቱ አስተማሪዋ የጻፉትን ቁጥር አይታ ደነገጠች። የአሥርዮሽ ነጥቧ ያለቦታዋ ገብታ ሩቡ (0.25) ሁለት ተኩል (2.5) ሆኗል። ሌሎቹ ተማሪዎች ሰውየውን እንደ እኩያ በስማቸው ይጠሯቸዋል፤ ሲሳሳቱም ፊት ለፊት ተሳስተሃል ይሏቸዋል። እሷ በየት በኩል! አባቷ እንግዳ ፊት ነገር ሲሳሳቱ እንኳ ልጆቹ ምላሳቸውን ነክሰው ነው የሚያሳልፉት። ስለዚህ ሁሉም ለምሳ ሲወጡ ቁጥሩን በነጭ ማጥፊያ ቀባችና የአስተማሪዋን የእጅ ጽሑፍ አስመስላ ትክክለኛውን ጻፈችበት። የትልቅ ሰው ገበና ሸፈንኩ ብላ ደስ ሲላት ዋለች፤ ሞኟ!

እዚያ አገር መዝገብ እንዲህ አይነካም። ስህተቱ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ የሰረዘው ሰው ይፈርምበታል። ደልዞ ዝም ማለት ውጤት ማጭበርበር ነው፤ ከትምህርት ያስባርራል። ነጩን ቀለም አይተው ያመለከቱት ደግሞ ራሳቸው አስተማሪው ናቸው። ማን ነካው ሲባል፣ እኔ ነኝ አለች። ለምን ሲሏት ግን ትንፍሽ አላለችም።

ጉዳይዋ በሚታይበት ስብሰባ ዋዜማ እናቷ ስልክ ላይ አለቀሱ። አስተማሪሽ እግር ላይ ወድቀሽ ለምኚ፣ ትልቅ ሰው ናቸውና ይራሩልሻል፣ ብቻ ክርክር እንዳትገጥሚ ብለው አስማሏት። እሺ አለች። እሺ ማለት መች ከብዷት ያውቃል?

ጠዋት ከሰብሳቢዋና ከአስተማሪዋ ፊት ተቀመጠች። ሰብሳቢዋ ቁጥሩን ለራስሽ እንዲመችሽ ነው የለወጥሽው ስትላት አንገቷን ደፋች። አገሯ ቢሆን አክብሮት ነው፤ ሰብሳቢዋ ግን ጥፋቷን ያመነች መስሏት መጻፍ ጀመረች። አስተማሪው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። ያ ራስ መነቅነቅ አንጀቷን አቃጠለው። ለእሳቸው ብላ በገባችበት ማጥ፣ ጭራሽ እሳቸው ይዘኑላት?

"የተሳሳቱት እርስዎ ነዎት" አለች። "ሰው ፊት ላሳፍርዎ ስላልፈለግሁ ነው ዝም ያልኩት።"

ሰብሳቢዋ መጻፏን አቆመች። አስተማሪው ገጹን በጀርባው ወደ መስኮቱ ቢያነሱት ከነጩ ቀለም ሥር የገዛ እጃቸው ሁለት ተኩል ቁልጭ ብሎ ታየ። ውሃውን ከመረመረው ማሽን የወጣው ወረቀት ሩብ ይላል። እስከዚያች ሰዓት ያመሳከረ አልነበረም፤ ራሷ እኔ ነኝ ብላለቻ! የሰውየው ፊት ፍም መሰለ። ልጅቷ በሆዷ ምነው አፌን በቆረጠው አለች።

"እውነቷን ነው" አሉ።

ሰብሳቢዋ መባረሩን ሰርዛ በማስጠንቀቂያ አለፈቻት፤ ሁለተኛ እንዲህ ብታደርግ ግን ምሕረት እንደሌለ ነገረቻት። ልጅቷ ተነስታ በሩ ጋ ስትደርስ አስተማሪው ጠሯት።

"እዚህ መዝገብ ውስጥ ሌላ ያየሽው ስህተቴ አለ?"

የለም ማለት እንዴት ይቀል ነበር! ሰውየው ለዛሬ ያፈሩት ይበቃቸዋል። ሰብሳቢዋም አፏን አፏን ታያታለች።

"ሁለት አለ" አለች ልጅቷ፤ ተመልሳም፣ ሳትቀመጥ ገጹን ታገላብጥ ጀመር።