በመንጠቆ ዓሣ ሥር

ባሌን መርቭን ሲጋራ እንደሚገድለው ታውንስቪል ያለው የሳንባ ሐኪም ፊት ለፊት ነግሮናል። «እንደገና ከጀመርክ ብዙ ፓኮ የምትጨርስ አይመስለኝም» ነው ያለው። እንዲህ ዓይነት ሰው ነው፤ ዙሪያ ጥምጥም አያውቅም። መርቭ ጢም ሳያበቅል ጀምሮ አጭሷል። ስኳር ፋብሪካው ውስጥ ቦይለር ሲጠብቅ አጭሷል፣ ጀልባው ላይ ዓሣ ሲጠብቅ አጭሷል፣ ልጃችን ስትወለድ ሆስፒታሉ በር ላይ ሆኖ እኔን ሲጠብቅም አጭሷል። ማስቲካውን ሞከርን፤ ክንድ ላይ የሚለጠፈውን ሞከርን። አንዲት ሴትዮ ዘንድ ሄዶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ «ሲጋራ ጠላቴ ነው» ሲል ዋለ፤ ሲመለስ መኪናው ውስጥ ሁለት አከታትሎ አጨሰ። ያተረፈልኝ ቬፕ ነው። ያ በባትሪ የሚሠራው፣ ጣፋጭ እንፋሎት የሚተፋው፣ የልጅ ልጆቻችን «አያታችን ባቡር ሆነ» እያሉ የሚስቁበት ነገር።

ከዚያ ሕጉ ተለወጠ። ካንቤራ ያሉት የአውስትራሊያ መንግሥት ሰዎች ለልጆች አስበው ነው ይባላል። ይሁን፤ እኔም ልጆችን አልጠላም። ለመርቭስ ማን አሰበለት? ከውጭ አገር ማዘዝ ተከለከለ፤ እዚህ ያሉት ሱቆች ተዘጉ። እኔ ግን በሩ ከመዘጋቱ በፊት ቀድሜ ነበር። ለአዲስ ምድጃ ያስቀመጥኩትን ሁሉ አውጥቼ ፈሳሹን ገዛሁበት፤ መርቭን ዕድሜ ልኩን የሚያኖር። አሮጌው ምድጃ አሁንም አንድ ጎኑ አይነድም።

ስለ ፈሳሹ የማያውቅ ሰው ጣዕም ያለውን ገዝቶ ያከማቻል፤ ዓመት ሳይሞላው እንጆሪው ሳሙና ሳሙና ይላል። የሚከማቸው ባዶው ነው፤ ወፍራሙ፣ ኒኮቲኑ ብቻ ያለበት። እሱ እየቀጠነ፣ ጣዕም እየተጨመረበት በየጊዜው ይዘጋጃል። ሙቀትና ብርሃን ያበላሹታል፣ ከሁሉ በላይ ግን አየር። ስለዚህ በጥቁር የብርጭቆ ጠርሙስ እስከ አፉ ይሞላል፤ ለአየር ቦታ አይተውለትም። ክዳኑ ጠብቆ ይዘጋል፣ በፕላስተር ይጠቀለላል፣ ፍሪዘር ውስጥ ይገባል። ያለ ጓንት አይነካም፤ ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ልብ ያስመታል፣ ከበዛ ደግሞ ሰው ይገድላል። ይህን ሁሉ ከኢንተርኔት ተማርኩ፣ ፊታቸውን አይቼ ከማላውቃቸው፣ እንደ እኔው ከፈሩ ሰዎች።

እንዲያውም አንድ ጊዜ ክምችቱን ልቆጥብ ብዬ መርቭን ፋርማሲ የሚሸጠውን ሰጠሁት። ቀጭን፣ ሚንት ሚንት የሚል ነገር። «የጥርስ ሳሙና እየሳብኩ ነው» እያለ ጥቂት ታገሠ። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለስ ሸሚዙ ሲጋራ ሸተተኝ። ወሩ ሳያልቅ ታውንስቪል ሆስፒታል አልጋ ላይ ነበር፤ አፍንጫው ላይ ኦክስጅን ተሰክቶ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ እጄን ጨብጦ አልለቅም እያለ። ከዚያ ወዲህ የፋርማሲውን ነገር ማንም እንዲያነሳብኝ አልፈልግም።

ክምችቱን ከራሱ ከመርቭም መደበቅ ነበረብኝ። ብዙ ካየ ብዙ ይስባል። ፍሪጅ ሙሉ ቢራ አይቶ በአንድ የሚነሳ ሰው አይደለም። በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ያለች አንዲት ነርስ በትንሽ በትንሹ እንደምትሰጠኝ ነገርኩት፤ አመነኝ። ግን ፍሪዘር ውስጥ የት ይደበቃል? መርቭ አይስክሬም ፍለጋ ፍሪዘሩን ከላይ እስከ ታች ያምሰዋል። የማይነካው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ትልቅ የአይስክሬም ባልዲ ነው፤ ክዳኑ ላይ በራሱ እጅ «የመንጠቆ ዓሣ። የመርቭ። እጅህን ሰብስብ» ብሎ ጽፎበታል። ባራመንዲ የሚባለውን ትልቅ የወንዝ ዓሣ ለማጥመድ መንጠቆ ላይ የሚሰካውን ትንንሽ ዓሣ የሚያስቀምጥበት ነበር። ትንፋሹ ከከዳው ጀምሮ ጀልባዋ ጓሮ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች፤ ባልዲውን መክፈት ቀርቶ ወደዚያ ጥግ ማየት ያስከፋዋል። ይህን አውቄ ጠርሙሶቹን ከሥር ደረደርኩ፣ ከላይ በላስቲክ የታሰረ ያረጀ ሰርዲን ዘረጋሁ፣ ዘጋሁት። የፖሊስ ውሻ እንኳ አያገኘውም ብዬ በራሴ ኮራሁ።

አውሎ ነፋሱ የመጣ ጊዜ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። የመጦሪያ ቤት ሽማግሌዎችን ጥሎ መሄድ የለም። ወንዙ ድልድዩን ዋጠው፣ ስልኩ ሞተ፣ መብራት ጠፋ፤ እዚያው ተቆልፈን ሰነበትን። መርቭ ጎረቤታችን ክላይቭ ጋ ነው ብዬ አልሰጋሁም። የክላይቭ ቤት ብሎኬት ነው፤ ምላሱ ግን ምንም ግድግዳ የለውም። ስለ ፈሳሹም አልሰጋሁም። ጥቂት ቀን መሞቅ ምንም አያደርገውም።

ውኃው ሲጎድል በካውንስሉ፣ በማዘጋጃ ቤቱ መኪና ጭነው መንገዳችን ጫፍ ላይ አወረዱኝ። የጥብስ ሽታ ተቀበለኝ። እኛ ዘንድ ከአውሎ ነፋስ በኋላ እንዲህ ነው፤ መብራት የለም፣ ሥጋው እየቀለጠ ነው፣ ስለዚህ ሁሉም የጋዝ መጥበሻውን መንገድ ላይ አውጥቶ፣ ፍሪዘሩን ገልብጦ ጎረቤቱን ያበላል። ዓመቱን ሙሉ በአጥር ሲካሰሱ የኖሩ ሰዎች አንዱ ለሌላው ቋሊማ ያጎርሳል። የተበላሸው ነገር ከረጠበው ፍራሽና ከተሰበረው ጣሪያ ጋር መንገድ ዳር ይቆለልና ገልባጭ መኪና ያነሳዋል።

«መጣች የሽማግሌዎች ንግሥት!» አለ ክላይቭ መጥበሻው ላይ እንዳጎነበሰ። «ጣሪያሽ አለ። ባልሽም አለ። ሁለቱም ያፈሳሉ።»

መርቭ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ተቀምጧል፤ ጭኑ ላይ ሳህን፣ በእጁ ቬፑ። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ቆይቻለሁ።

«ራይ፣ ነይ ቁጭ በይ። ሽሪምፕ ብዪ። ለገና የደበቅሽብኝ ነው» አለኝ።

«ማን አሳየህ?»

«ማንም። ፍሪዘሩን አጸዳሁታ!»

«ማን? አንተ?»

«አዎ፣ ይሄ ሬሳ ነው ያጸዳው። ምን ያስደነግጥሻል?»

«እውነቱን ነው» አለ ክላይቭ። «አንድ ዕቃ ይይዛል፣ አጥሩን ተደግፎ ያርፋል፣ ሌላ ይይዛል። ልርዳህ ብለው እናቴን ሰደበብኝ፤ እሷን እንኳ አያውቃትም።»

«ስንት ቀን ሙሉ የሰው ቂጥ ስትጠርግ ከርማ መጥታ ደግሞ የበሰበሰ ሥጋ ትጥረግ?» አለ መርቭ። «አልኩኝ፣ እስትንፋሴ ቢወጣም ይህቺን አደርጋለሁ። ሂጂና እዪው። በነጭ ኮምጣጤ ነው ያጠብኩት፤ ፊትሽ ይታይሻል።»

ስቄ ልስመው ጎንበስ አልኩ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ።

«ሁሉንም አወጣኸው?»

«ሁሉንም። የመንጠቆ ዓሣውን ሳይቀር።» ድምፁ ትንሽ ዝቅ አለ። «መጀመሪያ ልተወው ብዬ ነበር። ከዚያ እስከ መቼ ነው የምዋሸው አልኩ። አልከፈትኩትም፤ እንዳለ ተሸክሜ ቆሻሻው ላይ ጣልኩት። ከበደኝ ደግሞ፣ መንገድ ላይ ሦስቴ አረፍኩ። አበቃ ራይ። እኔ ከእንግዲህ ዓሣ አላጠምድም። ጀልባዋንም ለክላይቭ ሰጥቻታለሁ። ሳወራው እንኳ ቀለለኝ።»

መንገዱን ዞር ብዬ አየሁት። ከኛ አጥር ፊት ለፊት እርጥብ ሣርና የገልባጭ መኪና ጎማ ዱካ ብቻ ነበር።

«መቼ ወሰዱት?»

«ዛሬ ጠዋት» አለ ክላይቭ። «ምነው፣ አልማዝ ነበረበት እንዴ?»

«ቁልፍህን ስጠኝ።»

«የምን ቁልፍ?»

«የፒክአፕህን! ስጠኝ አልኩህ!»

ክላይቭ ፊቴን አየና የሥጋ መቆንጠጫውን ለጎረቤት ሰጥቶ ራሱ ሊነዳ ተነሳ። መርቭ ከኋላችን «ምን ሆና ነው?» ሲል ይሰማኛል። መኪናው ውስጥ ሁሉንም ለክላይቭ ነገርኩት፤ ጠርሙሶቹን፣ ሰርዲኑን፣ የሌለችውን ነርስ። ቤንዚኑን ረገጠ።

«ሌላስ የለሽም?» አለ።

«ኩሽና የጀመርኩት አንድ ጠርሙስ አለ። ከግማሽ በታች ነው።»

ቆሻሻ መጣያው በር ላይ አንድ ሰውዬ እጁን ዘርግቶ አቆመን። ከካውንስሉ መኪና በቀር አይገባም አለ። የሥራ ልብሴን አላወለቅኩም ነበር፤ ስሜ ደረቴ ላይ ተጽፏል። የሰውዬው እናት ፐርል እኛ ጋ ናት፤ ገላዋን የማጥብላት እኔ ነኝ።

«ፐርል ደህና ናት። በማዕበሉ መሐል ስትዘፍን ነበር» አልኩት። «አሁን አሳልፈኝ፣ የኔ ልጅ።»

እሱም አሳለፈኝ። ምነው ባላሳለፈኝ። የከተማው ፍሪዘር ሁሉ እዚያ ተዘርግፏል። በፀሐይ የፈላ ዶሮ፣ የሽሪምፕ ጭንቅላት፣ ወተት፤ ከላዩ ዝንብ እንደ ጥቁር ነጠላ ተነጥፎበታል። ዶዘሩ ከዳር ጀምሮ እየጨፈለቀ ይመጣል። እየሮጥኩ ፊቱ ቆምኩ፤ ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ ሰደበኝ፤ እኔም ሰደብኩት። ከዚያ ተንበርክኬ በእጄ መዛቅ ጀመርኩ። ክላይቭ በአፍንጫው ላይ ቆቡን ይዞ በሌላ እጁ ይዝቃል። የጎረቤቶቻችንን ፍራሽ አገኘሁ። የራሴን የተልባ ዳቦ ላስቲክ አገኘሁ። ልቤ ዘለለ፤ የኛ ቆሻሻ እዚህ ነው ማለት ነው። አምላክ ሆይ፣ አንድ ብቻ፣ አንድ ያልተሰበረ ብቻ እያልኩ ቆፈርኩ። ቤተ ክርስቲያን ከረገጥኩ ስንት ዘመኔ፣ ማንን እንደምለምን እንኳ አላውቅም።

ክዳኑን ያገኘው ክላይቭ ነው። አቀበለኝ። «የመንጠቆ ዓሣ። የመርቭ። እጅህን ሰብስብ።» ከሥሩ ባልዲው ጠፍጣፋ ሆኗል፤ ሰንሰለቱ በላዩ ላይ ሄዶበታል። ጥቁር ስብርባሪ፣ ፕላስተሬ እንደተጠቀለለበት፣ ከሰርዲን ጋር ተለውሷል። ወፍራሙ ፈሳሽ በጭቃው ላይ ያብለጨልጫል። እጄን ልሰድ ስል ክላይቭ ከኋላ ወገቤን ይዞ ጎተተኝ።

«መርዝ ነው ብለሽ የነገርሽኝ አንቺው ነሽ! ራይ! ተይው!»

«ትንሽ የቀረ ሊኖር ይችላል፣ ልቀቀኝ!»

«የለም። የለም አንቺ ሴት። እዪው፣ የለም።»

እዚያ ጭቃ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የዶዘሩ ሹፌር መጥቶ ስድቡን ትቶ ውኃ ሰጠኝ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ለመርቭ መንገር አለብኝ ብዬ ወሰንኩ። ሌላ መንገድ የለም። በቶሎ ካወቀ ቆጥቦ ይስበዋል፣ ሐኪሙን እንለምናለን፣ አንድ ነገር እናደርጋለን። በሌላ በኩል ደግሞ በራሱ እጅ ተሸክሞ፣ ሦስት ጊዜ እያረፈ የጣለው ምን እንደሆነ ሲሰማ ፊቱ ምን እንደሚሆን አሰብኩ። ፈራሁ። አውሎ ነፋሱን እንኳ እንዲህ አልፈራሁትም።

መርቭ ቆሞ እየጠበቀን ነበር፤ አጥሩን ይዞ። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ጭቃዬን፣ ፀጉሬ ላይ ያለውን የሽሪምፕ ቅርፊት፣ ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ክዳን። ክዳኑን ይዤው መምጣቴን ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት።

«መጣያው ድረስ ሄድሽ?» አለ።

«መርቭ፣ ስማኝ...»

«ለመንጠቆ ዓሣዬ?»

አፌን ከፍቼ ነበር። እምላለሁ፣ ከፍቼ ነበር።

«ያረጀ ሰርዲን እኮ ነው ራይ» አለ፤ አገጩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «አንቺ... ደግሞ እንደማጠምድ ታምኛለሽ? እንዲህ እስክትሆኚ ድረስ?» ክዳኑን ከእጄ ወስዶ በእጅጌው ጠረገው። በትዳራችን ሲያለቅስ ያየሁት አባቱን የቀበርን ቀን ብቻ ነው። «እኔኮ ትቼው ነበር። ስትመጣ ምን እላታለሁ፣ እስከ መቼ ትሸከመኛለች እያልኩ ስንት ቀን ቁጭ ብያለሁ። አንቺ ግን አልተውሽም።»

ክላይቭን አየሁት። ክላይቭ ጫማውን ያያል።

«ክላይቭ!» አለ መርቭ። «ጀልባዋን እንዳትነካት።»

«እሺ አለቃ» አለ ክላይቭ። «ድሮም ታፈሳለች።»

«ዝናቡ አልቆ ደረቁ ወራት ሲገባ እንወጣለን። ሦስታችንም። ያን ባልዲ ተሸክሜ መንገድ ዳር ደርሻለሁ እኮ! ትንፋሼ ተመልሷል ማለት ነው።» ዓይኑን ጠረገና ቬፑን ዘረጋልኝ። «ሙዪልኝ እስኪ፣ የኔ ቆንጆ። ዛሬስ አትቆጥቢብኝ። ካነሰ ነርሷ ትጨምርልሻለች።»

ወደ ኩሽና ገባሁ። ጠርሙሱ ከስኳሩ ቆርቆሮ ጀርባ እንዳስቀመጥኩት ነው። ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳሁት። እየቆጠብኩ፣ እያቀጠንኩ ብሰጠው እስከ ደረቁ ወራት ያደርሰው ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ምንም የለኝም። ከውጭ መርቭና ክላይቭ ባራመንዲ የትኛው የወንዝ መታጠፊያ ላይ እንደሚተኛ ይከራከራሉ፤ መርቭ ይጮኻል፣ ይስላል፣ ይስቃል። ጓንቴን አጠለቅኩ፣ ፈሳሹን እንደ ወትሮው አቀጠንኩት። ቬፑን እስከ አፉ ሞላሁለት።